አለዚያ ሙት

ካሌብ ኦራሮ ሰው በተሰበሰበበት የሰደበኝ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ትልቁ ዝናብ ሊገባ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ሰዓቱ የሻይ ሰዓት፣ ቦታው ሐይቁ ዳር በምቢታ ወደብ ያለው የጀልባ ማኅበራችን ቢሮ። ማን ማን እንደነበረ አልረሳሁም። ትኬት ቆራጯ ሞሊን መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ሁለት ጀልባ ነጂዎች በሩን ተደግፈው ሻይ ይጠጣሉ። ዓሣ ነጋዴዋ ቤልዳ ቅርጫቷን መሬት ላይ አስቀምጣ ተራዋን ትጠብቃለች። ኒያጋያም ነበረ። የሌሎቹ ይሁን፤ የእሱ እዚያ መኖር ግን ዛሬም ይቆጨኛል።

ካሌብ ከናይሮቢ ዲግሪውን ይዞ የመጣ መሐንዲስ ነው፤ ማኅበሩ በኃላፊነት ቀጥሮት በላዬ ተሾመ። እኔ ሁለተኛ ደረጃን ጀምሬ ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ርእሰ መምህራችን ሰልፍ መሀል ጠርቶኝ «ወንበሩን ለሚያስብ ልጅ ልቀቅ» ያለኝን አስታውሳለሁ። የእህቴ ባል በሠርጉ ቀን «አንተ ከፎቶው ገለል በል» ያለኝንም አስታውሳለሁ። ከሁሉም ግን የካሌብ ይብሳል፤ ምክንያቱም በቃላት ብቻ አልቀረም።

ኮምፒውተሩን ወደ ሰዉ አዞረና ምሰሶው ላይ ካለው መለኪያ እየተቀበለ የነፋሱን ኃይል ለነጂዎች እንዲያሳይ የጻፍኩትን ፕሮግራም ጮክ ብሎ አነበበ። ሁሉንም አይደለም፤ አንዲት መስመር ብቻ። መስመሯ በሰው ቋንቋ ብትተረጎም እንዲህ ትላለች፦ የነፋሱን ቁጥር ከመለኪያው ተቀበል፣ አለዚያ ሙት።

ፒኤችፒ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ እንዲህ ተብሎ ይጻፋል። «ኦር ዳይ» ይላል። የሚሞተው ሰው አይደለም፤ ፕሮግራሙ ነው። ቁጥሩን ካጣ እዚያው ሥራውን ያቆማል፤ ከማቆሙ በፊት ግን የመጨረሻ ቃል ትሰጠዋለህ። እኔ የሰጠሁት የመጨረሻ ቃል በቋንቋችን «መለኪያው ዝም ብሏል፤ ሰማዩን እዩ» የሚል ነበር።

«ይሄ ፕሮግራም ነው የዓሣ ገበያ ጠብ?» አለ ካሌብ። «አምጣ! አለዚያ ሙት! ቤልዳ፣ አንቺ ነሽ እንዴ የጻፍሽለት?»

«እኔ ብጽፈው ኖሮ እናቱንም እጨምርበት ነበር» አለች ቤልዳ።

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። አንደኛው ነጂ ሻዩ ትን አለው።

«ሳትስቁ ስሙኝ» አለ ካሌብ፣ እሱ ራሱ እየሳቀ። «ዲስማስ፣ እስከ ከሰዓት ድረስ ይሄን ቃል ከየገባበት አውጣና ሁለቱን ዘንጎች አስገባ። ጎን ለጎን የሚቆሙትን ምልክቶች። ታውቃቸዋለህ አይደል?»

«አውቃቸዋለሁ። ትርጉማቸው ግን አንድ ነው?»

«አንድ ነው። ልዩነቱ አንዱን የተማረ ሰው ይጽፈዋል፣ ሌላውን አንተ ትጽፈዋለህ።»

ኒያጋያ የዚህን ጊዜ ሳቀ። አፉን በእጁ ሸፍኖ፣ ግን ሳቀ። የአክስቴ ልጅ ነው፤ ጀልባ ነጂ፤ አብረን አድገናል። ማኅበሩ ፊት ቆሞ «ይሄን ሰው ቅጠሩት፣ እጁ ኮምፒውተር ያውቃል» ብሎ ያስቀጠረኝም እሱ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደቡ በሙሉ «አለዚያ ሙት» ይለኝ ጀመር። ስሜ ዲስማስ ኦጉቱ መሆኑን የረሱም አሉ።

ያቺ ቃል ለምን እንደምትጥመኝ ለካሌብ ልነግረው ይገባ ነበር ይሆናል። አልነገርኩትም። ሆማ ቤይ ከተማ አንድ ኢንተርኔት ቤት ወለል እጠርግ፣ ለሰው ወረቀት አትም ነበር፤ ቋንቋውን የተማርኩት እዚያ ነው፣ ወንበር ሲለቀቅ እየተቀመጥኩ። ሌሎቹን ቋንቋዎችም ሞክሬአቸዋለሁ። እነሱ ጥያቄን ለብቻ፣ ትእዛዝን ለብቻ ያስቀምጣሉ፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን ወንድ በአንድ ወገን፣ ሴት በአንድ ወገን። ይሄኛው ግን ትእዛዙን ጥያቄው መሀል እንድትሰካው ይፈቅድልሃል። ነፋሱ ከሦስት በላይ ነው፣ እና «ጀልባ አይወጣም» ብለህ ጻፍ። አበቃ፤ አንድ መስመር። እንደ ሰው አፍ ነው የሚሄደው። እናቴ «በሩን ዝጋ፣ አለዚያ ፍየሏ ትገባለች» ስትል ማን ነው ጥያቄና ትእዛዝ የሚለይላት? ስጽፍ የገዛ ድምፄን እሰማ ነበር። ትምህርት ቤት ውስጥ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም።

ለማንኛውም ቀየርኩት። ምን ላድርግ? በየመስመሩ እየገባሁ ቃሏን እያወጣሁ ሁለት ዘንግ አቆምኩ። ከሰዓት በኋላ ካሌብ መጥቶ አጠገቤ ቆመና ከመለኪያው የሚመጣውን ገመድ ነቀለው። በትኬት መስኮቱ ላይ የሰቀልነው ስክሪን ወዲያው «መለኪያው ዝም ብሏል፤ ሰማዩን እዩ» አለ። ገመዱን መልሶ ሰካው። «ነፋስ፦ 1» አለ ስክሪኑ። ቅጠል የማይነቃነቅበት ቀን ነበር፤ አንድ ማለቱ ትክክል ነው።

«አየህ? ምን ጎደለ?» አለኝ።

ምንም አልጎደለም። እኔም አየሁ፣ እሱም አየ፣ ምንም አልጎደለም።

የእኛ ቁጥር ከአንድ እስከ ስድስት ነው። እስከ ሦስት ድረስ ትናንሽ ጀልባዎች ወደ ደሴቶቹ ይወጣሉ፤ አራት ሲሆን ይጠብቃሉ፤ ከዚያ በላይ ወደቡ ይዘጋል። ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ግን ቁጥሩ አንድ ሆነ። በነጋታውም አንድ፣ ከዚያ ወዲያም አንድ። ሰዉ ምን ሆነ ብሎ አልጠየቀም፤ ዝናቡ ዘገየ፣ ሐይቁ ተኛ ተባለ። ነጋዴዎቹ ደስ አላቸው።

«አለዚያ ሙት» አለችኝ ቤልዳ አንድ ጠዋት፣ «ይሄን ኮምፒውተርህን አንድ ሌሊት አውሰኝ። ሐይቅ ካስተኛ ባሌንም ያስተኛልኝ።»

«ባልሽን የሚያስተኛው ቢራ ነው።»

«እሱማ ይዘፍናል እንጂ መቼ ይተኛል!»

ኒያጋያ ቀድሞ ልማድ ነበረው። ሰው ከመጫኑ በፊት ወደ ውሃው እስከገባው የመሳፈሪያ ድልድይ ጫፍ ይሄዳል፤ እጁን በግንባሩ ላይ አድርጎ የጌምቤን ተራሮች ያያል፣ ከዚያ ወደ ምፋንጋኖ ደሴት ይዞራል፣ ውሃውን ያሸታል ማለት ይቻላል። ሲመለስ ወደ መስኮቱ ይመጣና ስክሪኑን አይቶ «ዛሬ ኮምፒውተርህ ከእኔ ጋር ተስማምቷል» ይለኛል። አንዳንዴም «አልተስማማንም፣ እኔ ግን እበልጠዋለሁ» ይላል። ያን ሰሞን ድልድዩ ጫፍ መሄዱን ተወው። ከሞተር ብስክሌቱ ሳይወርድ በመስኮቱ በኩል ቁጥሯን አይቶ ያልፋል። ይህን ሳይ ምን እንደተሰማኝ ልናገር? ደስ አለኝ። ኒያጋያን የሚያህል ሰው ከሰማዩ ይልቅ የእኔን ሥራ አመነ ብዬ ደስ አለኝ። የካሌብ ስድብ እንኳ በዚያ ተካካሰልኝ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ምፋንጋኖ የሚሄዱ ሰዎች ጫነ። አንዱ ቤተ ክርስቲያን ለጣሪያው ያዘዘው ቆርቆሮም ተጨመረበት። ሞተሩን ሊያስነሳ ሲል ወደ መስኮቱ ብቅ አለ።

«አንድ! ዛሬም አንድ!» አለ። «ይሄ ነገር ሌላ ቁጥር ረስቷል መሰለኝ።»

«አንተስ ከአንድ በላይ መቁጠር ትችላለህ?» አልኩት።

«የልጆቼን ቁጥር ሚስቴን ጠይቃት! በል ደህና ዋል፣ አለዚያ ሙት።»

እየሳቀ ወረደ። እኔም ሳቅሁ።

ነፋሱ ከጌምቤ ተራሮች በኩል ነው የመጣው። ጀልባው ታካዊሪ ከምትባለው ትንሽ ደሴት አጠገብ ሲደርስ ቆርቆሮው ወደ አንድ ጎን ተንሸራተተና ገለበጠው። ኦሜና ለምትባለው ትንሽ ዓሣ መረባቸውን ሊጥሉ የወጡ ዓሣ አጥማጆች ቅርብ ባይሆኑ ኖሮ ዛሬ ስለ ቀብር ነበር የማወራው። ሁሉንም አወጧቸው። ኒያጋያ መጨረሻ ወጣ፤ አንዲት አሮጊት እጁን አልለቅም ብላው ከእሷ ጋር ጎትተው አወጡት። ወደቡ ላይ ሲወርዱ ሴቶቹ እያለቀሱ ይራገሙት ጀመር። አንዱ ሰውዬ እርጥብ ጫማውን አውልቆ ወረወረበት። ኒያጋያ ጫማውን አንሥቶ መልሶ ሰጠው። ሌላ ምንም አላደረገም።

በማግስቱ ጠዋት ነፋሱ ገና አልበረደም። ቢሮው ደጃፍ ቆምኩ። ምሰሶው ላይ ያሉት የመለኪያው ኩባያዎች ከመሽከርከራቸው ብዛት ቅርጻቸው ጠፍቶ ነበር። ዞር ብዬ ስክሪኑን አየሁ። «ነፋስ፦ 1።» ኩባያዎቹን አየሁ። ስክሪኑን አየሁ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ቆይቼ ገባሁና መነካካት ጀመርኩ። መለኪያው ደህና፣ ገመዱ ደህና። ሌላ ሐሳብ ሲጠፋኝ ያቺን ቃሌን በአንደኛው መስመር ላይ መለስኳት፤ ሁለቱን ዘንጎች አወጣሁ፣ «ኦር» አስገባሁ። ስክሪኑ «ነፋስ፦ 5» አለ። ዘንጎቹን መለስኩ። «ነፋስ፦ 1።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በቃሏ ስትጽፈው ፕሮግራሙ መጀመሪያ የነፋሱን ቁጥር ተቀብሎ ለቁጥሩ በተሰየመች ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው «አለዚያ» የሚለው። በዘንጎቹ ስትጽፈው ግን አስቀድሞ ይጠይቃል፦ ቁጥር ተገኝቷል ወይስ ልሙት? ተገኝቷል። እና ሳጥኑ ውስጥ የሚያስቀምጠው ቁጥሩን ሳይሆን መልሱን ነው። መልሱ «አዎ» ነው። ያ ማሽን ደግሞ «አዎ»ን ሲጽፍ 1 ብሎ ነው የሚጽፈው። ነፋስ አለ ወይ? አዎ። አውሎ ነፋስም ቢሆን አዎ። ገመዱን ስትነቅለው በትክክል ይሞታል፤ ካሌብ የፈተነው ያንን ነው። ሲሞት አይዋሽም። የሚዋሸው በሕይወት ሲኖር ነው።

ካሌብን ጠርቼ አሳየሁት። ዘንጎቹን፣ ከዚያ ቃሏን፣ ከዚያ ዘንጎቹን።

«ይሄን ማን ማን ያውቃል?» አለኝ።

«እኔና አንተ።»

«ለጊዜው ማንም አይስማ። ስለ አደጋው በተጠራው ስብሰባ ላይ እኔ እናገረዋለሁ። አንተ ከጀመርከው ሰው ያደናግራል።»

«ኒያጋያ የመንጃ ፈቃዱን እንዳያጣ ነው የምፈልገው» አልኩት። «ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ዲስማስ፣ እናገራለሁ አልኩ እኮ።»

አመንኩት። የተማረ ሰው ሲናገር ይሰማል፣ ለኒያጋያ የሚበጀው ይሄ ነው ብዬ አመንኩት።

ስብሰባው ላይ የሚወሰነው አንድ ነገር ነበር፦ ኒያጋያ ከእንግዲህ ሰው ጭኖ ይነዳል ወይስ አይነዳም። መሬት የለው፣ ሌላ ሙያ የለው፤ አባቱም ጀልባ ነጂ ነበር። ሊቀመንበሯ ፔሬስ ወንበሯን ሳብ አድርጋ መነጽሯን አጠለቀች። ዙሪያ ጥምጥም የማትወድ ሴት ናት።

«መሐንዲስ፣ ስክሪኑ ላይ የነበረው ቁጥር ልክ ነበር ወይስ አልነበረም?»

ካሌብ ተነሣ። «ሥርዓቱ በዚያን ሰሞን ማሻሻያ እየተደረገለት ነበር። በማሻሻያ ወቅት አነስተኛ አለመጣጣሞች ሊከሰቱ ይችላሉ።»

«በሰው ቋንቋ ንገረኝ፣ ልጄ።»

«ልክ ላይሆን ይችላል ማለቴ ነው። ነገር ግን ስክሪኑ ረዳት ነው። የመጨረሻው ውሳኔ የነጂው መሆኑ በደንባችን ተጽፏል።»

ተቀመጠ። እኔ ይቀጥላል ብዬ ጠበቅሁ። ቦርሳውን ዘጋ። ያን ጊዜ ነው ሳልጠራ የተነሣሁት።

«እማማ ፔሬስ፣ ኦር የምትለዋን ቃል አውጥተህ በሁለት ዘንግ ቀይር ተብዬ ቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ አንድ ብቻ ሆነ። ዘንጎቹ አስቀድመው ይጠይቁና . . .»

«የትኞቹ ዘንጎች?» አለ ከኋላ አንዱ። «የጀልባው ናቸው?»

«የእሱ ጀልባ በቃልና በዘንግ ነው የሚሄደው!» አለ ሌላው። ሳቅ ሆነ። ፔሬስ ጠረጴዛውን መታች።

«ዝም በሉ! መሐንዲስ፣ ይሄ ልጅ የሚለው ልዩነት አለ?»

ካሌብ ቀና ብሎ አላየኝም። «በመሠረቱ አንድ ናቸው» አለ። «ዝርዝር ጉዳይ አለው፤ በመሠረቱ ግን አንድ ናቸው።»

ምን ብዬ ላስረዳ? ያን ያህል ሰው ፊት እጄን እያወራጨሁ ሳጥን፣ አዎ፣ አንድ እላለሁ፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለእኔም የእብድ ወሬ መሰለኝ። ደግሜ ልጀምር ስል ኒያጋያ እጁን አነሣ።

«ዲስማስን አታድክሙት» አለ ተነሥቶ። «የአክስቴ ልጅ፣ ተቀመጥ። አመሰግናለሁ።»

ተቀመጥኩ።

«ዘንግም ይሁን ቃል እኔ አላውቅም» አለ። «የማውቀው ይሄን ሐይቅ ነው። የዚያን ቀን ጌምቤ ላይ ደመናው ጠቁሮ ነበር። አሁን ሳስበው ጥቁረቱ በዐይኔ ጥግ ታይቶኝ ነበር። ቀና ብል አየው ነበር። እኔ ግን መስኮት አየሁ። ሰው የጫነ ሰው መስኮት አያይም። አባቴ ቢኖር ኖሮ ጀልባውን ከእጄ ይቀማኝ ነበር።»

«ስለዚህ ምን ትለናለህ?» አለች ፔሬስ፤ ድምጿ ለስለስ ብሎ ነበር።

«ቀሙኝ ነው የምለው።»

ቀሙት። ክርክርም አልነበረም። ዕቃ መጫን ይችላል፣ ሰው ግን አይጭንም ተባለ። ከዚያ ወዲህ ኒያጋያ አሸዋና ጡብ ያመላልሳል። ስንገናኝ ሰላም ይለኛል፣ ልጆቼን ይጠይቃል። «አለዚያ ሙት» ብሎኝ ግን አያውቅም። ይሄን ስም የምጠላው እኔ፣ እሱ ሲተወው ሆዴ ባባ።

ካሌብ በደለኝ፤ ይሄን ማንም አያስለውጠኝም። ኒያጋያን ሳስብ ግን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። «ሰማዩን እዩ» ብዬ ጽፌ ነበር እኮ። በገዛ እጄ፣ በገዛ ቋንቋችን። ያስቀመጥኩት ግን «አለዚያ» ከሚለው ወዲያ ነው፤ ማሽኑ ካልሞተ ማንም የማያየው ቦታ። ከቁጥሩ በላይ፣ በትልቁ ቢጻፍ፣ በየቀኑ ቢነበብ ምን ነበረበት? ኒያጋያ ያቺን ዓርብ አንዴ ቀና ይል ነበር። አንዴ ብቻ።

ያን ቀን ከስብሰባው አዳራሽ ስወጣ ካሌብ ከኋላዬ መጣ። ሰዉ ወደ ሐይቁ ዳርቻ እየወረደ ነበር፤ ኒያጋያን ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች ከበውት ይሄዳል።

«ዲስማስ፣ ቆይ» አለኝ።

ቆምኩ።

«ምን እንድል ነበር የፈለግኸው? እዚያ ቆሜ ሰው ልገድል ነበር ልበል? በነጋታው እኮ ማኅበሩ ይዘጋል። ያንተም እንጀራ ይዘጋል፣ የሞሊንም።»

ሸሚዙ ጀርባው ላይ በላብ ተጣብቋል። ተማሪ ይመስል ነበር፤ እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

«ሰኞ ና» አለ። «ቃልህን በየቦታዋ መልሳት። እኔ አልነካብህም። ከፈለግህ አብረን እንሠራዋለን፣ የማታውቀውን አሳይሃለሁ፤ የማላውቀውንም . . .» አልጨረሰውም።

ዐይን ዐይኑን አየሁት።

«እሺ ስደበኝ» አለ። «ቢያንስ ስደበኝ፣ ወንድሜ። እንዲህ ቆመህ አትየኝ።»

ስድብማ ነበረኝ። ከዚያች ማክሰኞ ጀምሮ ስተኛም ስነሣም ስስለው የቆየሁት፣ አንዱ ከሌላው የሚመር። አንድ በአንድ ወደ አፌ መጡ። ሁሉም ስለ እኔ ነበሩ፤ ስለ ትምህርቴ፣ ስለ ሻዩ ሰዓት፣ ስለ ሳቁት ሰዎች። ስለ ኒያጋያ የምለው አንድም አላዘጋጀሁም።

ጃኬቴን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግሁና ሆማ ቤይ የሚሄደው የማታቱ ሚኒባስ ወደሚቆምበት መንገድ ወጣሁ። ስሜን ሁለት ጊዜ ጠራ፤ ዲስማስ ብሎ፣ በትክክል። ዞር አላልኩም።